በአሥረኛው ቀን ይደገማል

ምላጭ አማቱን ይወዳቸዋል ማለት ውሸት ነው፤ ይጠላቸዋል ማለትም ውሸት ነው። ይፈራቸዋል። እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ ከልጃቸው ቤት ጠቅልለው ሲገቡ ማንንም አላስፈቀዱም። አንድ ሻንጣ፣ አንድ ትራስና አምስት ዶሮ ይዘው መጡ። ሻንጣው አልጋ ሥር ገባ፣ ትራሱ አልጋ ላይ ወጣ፣ ዶሮዎቹ ደግሞ ጓሮ ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል ተረከቡ። ክፍሏ ምላጭ የሱቁን አሮጌ ዕቃ የሚያጉርባት ነበረች። የምላጭ ሚስት ነገሩ የእናቷና የባሏ ስለሆነ ገለልተኛ አገር ሆነች።

«ምላጭ» ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። ሰውየው ፀጉር አስተካካይ ነው። ደንበኞቹ ሁለት ምላጭ አለው ይላሉ፤ አንዱ በእጁ፣ ሌላው በአፉ። የእጁ በየሰዉ ይቀየራል። የአፉ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልተቀየረም፣ አልዶለዶመምም።

አንድ ጠዋት አማትየው ጉልበቴን አመመኝ ስላሉ እንቁላል የመሰብሰቡ ሥራ በሱ ላይ ወደቀ። እጁን ከዛግራዋ ዶሮ ሥር ሰዶ እንቁላሉን ሲያወጣ ክንዱ ላይ አንድ ነገር ሽር አለ። ወደ ብርሃን ወጥቶ አየው። ገለባ የመሰለ፣ ጠፍጣፋ፣ ከሰሊጥ ያነሰ፣ እግሩ የፈጠነ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጭንቅላት ሲያይ የኖረ ሰው ነውና መታወቂያ አልጠየቀውም።

«እማማ፣ ዶሮዎቹ ቅማል አላቸው» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቅማሎቹ እንዳይሰሙ ይመስል።

«ታዲያ ምን ይኑራቸው፣ ጌጥ?» አሉ አማትየው።

ለሳቸው ቀላል ነው። ለምላጭ ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው። አናጢ ቤት ቅማል ቢገኝ ያሳዝናል፤ አስተማሪ ቤት ቢገኝ ያስቃል፤ ፀጉር አስተካካይ ቤት ከተገኘ ግን ሱቁ ተዘጋ ማለት ነው። «ፀጉር አስተካካዩ ቤት የዶሮ ቅማል ተገኘ» ተብሎ የተጀመረ ወሬ መንገድ ሲሻገር ዶሮውን ይጥላል። ሁለተኛው ማዞሪያ ላይ «ቤት» የሚለውን ይጥላል። አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ሲደርስ የቀረው ፀጉር አስተካካዩና ቅማሉ ብቻ ናቸው። ወሬ እንዲህ እንደሚጓዝ ከምላጭ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ምክንያቱም ራሱ አንዱን ሸኝቶ ያውቃል።

ነገሩ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የሆነ ነው። ከሱቁ ማዶ ሌላ ፀጉር አስተካካይ ከፈተ። ሰውየው ሲበዛ ዝግተኛ ስለነበር «ቀስበል» አሉት። አንድ ራስ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ነገር ግን ከወንበሩ የሚነሳው ሰው እናቱ ስታየው ደግማ የምትስመው ሆኖ ነው። የምላጭ ደንበኞች አንድ በአንድ መንገድ መሻገር ጀመሩ። ያኔ ምላጭ አንድ ቀን የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩን ሲላጭ፣ ትኬት ቆራጭ ማለት በቀን ሦስት መቶ ሰው የሚያናግር ፍጡር ነው፣ አንዲት ነገር ጆሮው ሥር ጣል አደረገ። «ማዶ የተቆረጠ ልጅ ራስ ላይ ቆረቆር ያየሁ መሰለኝ። ብቻ እንጃ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሦስተኛው ወር የቀስበል ሱቅ ተዘጋ። ቆረቆር አልነበረም። ልጅም አልነበረም። «ብቻ እንጃ» የሚለውም ራሱ ውሸት ነበር፤ ምላጭ በደንብ ያውቃልና። ይባስ ብሎ፣ የዚያ ሱቅ ዕቃ ሲሸጥ የቀስበልን የብረት ወንበር በርካሽ ገዛው። ግን አንድም ቀን ሰው አላስቀመጠበትም። ጓሮ ወስዶ ከቆርቆሮዋ ክፍል ውስጥ አጎረው።

ቀስበል ደግሞ ሌላ ሙያ ተምሮ ሁለት መንገድ አልፎ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ከፈተ። በከተማው ያለው እሱ ብቻ ነው። ምላጭ አሥራ አንድ ዓመት በዚያ መንገድ አልፎ አያውቅም፤ ላም የለው፣ በግ የለው፣ ምን ሊያደርግ። አሁን ግን አምስት ዶሮ አለው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ሄደ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ጠርሙስና ካርቶን። ቀስበል ነጭ ጋዎን ለብሶ ጠርሙስ ላይ ወረቀት ይለጥፋል፤ እንደ ልማዱ በዝግታ። ሸብቷል። ምላጭን ያስደነገጠው ግን ሽበቱ አልነበረም፤ አቆራረጡ ነው። ከማጅራቱ በላይ ፀጉሩ ደረጃ ሠርቷል፤ ሰው በመስታወት እያየ የገዛ ራሱን ሲቆርጥ የሚሠራው ዓይነት ደረጃ።

«ለዶሮ ቅማል የሚሆን ነገር አለ?» አለ ምላጭ፤ ወዲያውም «ለአንድ ወዳጄ ነው» ሲል ጨመረ።

ቀስበል ቀና ብሎ አየው። «ወዳጅህ ስንት ዶሮ አለው?»

«አምስት።»

«አንተ ክንድህን ለምን ታክካለህ?»

ምላጭ እጁን ከክንዱ ላይ አነሳ። ቀስበል አንድ ቆርቆሮ ዱቄት አውርዶ አጠቃቀሙን ያስረዳ ጀመር። ማስረዳቱም እንደ ቆረጣው ነው፤ መጀመሪያ ይህን፣ ቀጥሎ ያን፣ አፍና አፍንጫህን በጨርቅ ሸፍን፣ ዓይናቸውን ተጠንቀቅ። በዚህ መካከል አንድ ደንበኛ የመሰለ ሰው በበሩ አለፈ። ምላጭ ቆርቆሮውን ብብቱ ሥር ወተፈና ዱቄት መነስነስ እኔን ልታስተምረኝ ነው ወይ ብሎ ወጣ። ከኋላው ቀስበል «በአሥረኛው ቀን ይደገማል» ሲል ሰምቷል፤ ግን ልብ አላለውም።

በማግሥቱ ማለዳ ጓሮ ውስጥ በርጩማ አስቀመጠ። እንግዲህ ሰው የሚያውቀውን ነው የሚያደርገው። ገብስማዋን ዶሮ ጉልበቱ መሐል አስቀምጦ የሱቁን ነጭ ጨርቅ አንገቷ ላይ አሰረላት። በብሩሹ ዱቄቱን እያጠቀሰ ከጆሮዋ ኋላ ጀምሮ ማጅራቷን አዳረሰ፤ አንገቷን ዞረ፤ ትርፉን እፍ አለ። ከልማድ የተነሳ «ከኋላ ይቀነስ?» ሊላት ምንም አልቀረውም። እያንዳንዷን ዶሮ እንደዚያ አድርጎ ሲለቅ አማትየው ሣጥን ገልብጠው ተቀምጠው ዕንባቸው እስኪመጣ ይስቁ ነበር።

«ልጄ፣ ቅማሉ ያለው ታች ነው» አሉት።

ዱቄት መነስነስ ሙያዬ ስለሆነ እባክዎ ይተዉልኝ አላቸው።

«ሙያህስ አንገት ነው። እሷን የሚበላት ግን ቂጧን ነው።»

አልሰማቸውም። አምስቱ ዶሮዎች አንገታቸው ነጭ ሆኖ፣ ለሥነ ሥርዓት የተጠሩ ሹማምንት መስለው ጓሮውን ዞሩ። አንገታቸው ላይ የነበረው ጥቂት ቅማል ወደ ታች ወርዶ ከዘመዶቹ ጋር ተቀላቀለ። ዋናው ወገን ከክንፍ ሥርና ከጅራት ሥር፣ ሙቀትና ለስላሳ ላባ ባለበት፣ ቤተሰብ አፍርቶ በሰላም ይኖር ነበርና እንግዶቹን ተቀበለ።

በሳምንቱ ነገሩ ማሳቁን አቆመ። ዛግራዋ እንቁላል አቋረጠች። የገዛ ላባዋን እየነቀለች ቆዳዋ ታየ፤ ጥሬ ሲበተን ሌሎቹ ሲሯሯጡ እሷ ጥግ ላይ ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባላል፤ ይቺ ማለሙንም ትታዋለች። አማትየው ዛግራዋን ታቅፈው ቀኑን ሙሉ ዝም አሉ። የሳቸው ዝምታ ከምላሳቸው ይልቅ ምላጭን አስጨነቀው። ሌላ መድኃኒት እፈልጋለሁ አላቸው፤ ግን ወደ ቀስበል መመለስ ሞት መስሎ ስለታየው ዛሬ ነገ ሲል ሦስት ቀን አለፈ።

ዓርብ ለምሳ ቤት ሲገባ አማትየው ከውጭ ሲመለሱ በር ላይ አገኛቸው። ዛግራዋ በዘንቢል ውስጥ አንገቷን አውጥታለች።

«የት ሄደው ነው እማማ?»

«መድኃኒት ቤት። አትደንግጥ፣ ምንም አልነገርኩትም። የፀጉር አስተካካዩ አማት መሆኔን፣ ቤታችን የት እንደሆነ፣ አንተ አንገታቸውን ብቻ እንደነሰነስክና ለሰው እንዳይነገር እንደለመንከኝ ብቻ ነው የነገርኩት። ነገ ማለዳ ራሱ ይመጣል።»

ምላጭ ያን ሌሊት እንቅልፍ ባይኑ አልዞረም። ስለ ቅማሉ አልነበረም ያሰበው፤ ስለ ወንበሩ ነው።

ቀስበል በማለዳ መጣ። አማትየውን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለ፣ ጋዎኑን ለበሰ፣ የቆርቆሮዋን ክፍል በር ከፈተና ቆመ። ዶሮዎቹ ቆጥ አድርገው የሚያድሩት የሱ ወንበር ላይ ነበር። መደገፊያው ላይ ሁለት፣ ክንዱ ላይ ሁለት፣ ዛግራዋ መቀመጫው ላይ። ኩሱ ደርቆ የብረቱን ቀለም ሸፍኖታል። ምላጭ ከኋላው ቆሞ መሬት ብትከፈት ይገባ ነበር።

ቀስበል ወንበሩን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ «ስንጥቁ ውስጥም ይደበቃል፤ እሱም መነስነስ አለበት» አለ።

ሥራው ተጀመረ። ዶሮዋን እግሯን ይዘህ ደረቷን ወደ ላይ አዙር አለው፤ ምላጭ ያዘ። ቀስበል ከጅራቷ ሥር ያለውን ላባ በሁለት ጣት ገልጦ አሳየው። ቅማሎቹ ብርሃኑን ሲያዩ ተራወጡ። ላባው ሥር ላይ ነጭ ስኳር የተጋገረ የሚመስለው እንቁላላቸው ነው አለው። ዱቄቱን እዚያ፣ ከሁለቱ ክንፎች ሥር፣ ከሆዷ ላይ፣ ቆዳው ድረስ በጣቱ እያሸ አዳረሰ። ሲጨርሱ የድሮውን ጉዝጓዝ ጠርገው አቃጠሉ፣ ግድግዳውን ነሰነሱ፣ ዶሮዎቹ የሚንከባለሉበት አመድና አሸዋ ጥግ ላይ አፈሰሱላቸው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ምላጭ የሚያየው የሰውየውን ጣቶች ነበር። ላባውን የሚከፍሉት ድሮ ፀጉር ይከፍሉ በነበረበት አኳኋን ነው፤ በዝግታ፣ አንድ ሳያመልጣቸው። ይህን እጅ ከመቀስ ያፋታሁት እኔ ነኝ ብሎ አሰበና አፈረ።

እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ፣ ለድካምህ ምን ላድርግልህ አለው።

«ፀጉሬን ቁረጠኝ» አለ ቀስበል።

«ደስ ይለኛል። ሰኞ ና፤ ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ሰው ይበዛል።»

«ቅዳሜ መሆኑን አውቃለሁ።»

አብረው ሄዱ። ምላጭ ሸሚዝ እንኳ አልቀየረም። ሱቁ ደጃፍ ላይ አራት ሰው ይጠብቃል፤ ከአራቱ አንዱ ትኬት ቆራጩ ነው። ገብተው አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። ቀስበልን ከወንበሩ ላይ ሲያዩት ተያዩ፤ ታሪኩን የማያውቅ አልነበረም። ምላጭ ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ አሰረለትና የደረጃውን ፀጉር ያስተካክል ጀመር። ሬዲዮው ስለ አየር ጠባይ ያወራል።

የቀኝ ጎኑ አልቆ ወደ ግራው ሊዞር ሲል ትኬት ቆራጩ ከአግዳሚው ተነሳ። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ፤ ጣቱን ቀስሮ።

ነጩ ጨርቅ ላይ፣ ከምላጭ እጅጌ ወርዶ ወደ ቀስበል ደረት፣ አንድ ቅማል በራሱ ጊዜ ይጓዛል። አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አንዱ ጭንቅላቱን አከከ። ምላጭ ቶንዶሱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ሠላሳ ዓመቱ እዚያ ጨርቅ ላይ በስድስት እግር ሲሄድ ታየው። ቀስበል ብዙ መናገር አያስፈልገውም፤ ከየት እንደመጣ ያውቃል፣ ጓሮውን አይቷል። «ብቻ እንጃ» ቢል እንኳ ይበቃዋል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ ይኸው ቁናው መጣ።

ቀስበል በመስታወቱ ውስጥ አየው። ከዚያ እጁን ከጨርቁ ሥር አውጥቶ ቅማሉን በሁለት ጣቱ አነሳው።

«የኔ ነው» አለ። «የዶሮ ቅማል ነው። ማለዳ ዶሮ ሳክም ነበር፣ ልብሴ ላይ ይዤው መጣሁ። ላባ እንጂ ሰው አይስማማውም፤ ብትተዉትም ይሞታል። ይቅርታ፣ እንዲህ ሆኜ ሰው ቤት መግባት አልነበረብኝም።»

አግዳሚው ተነፈሰ። ትኬት ቆራጩ ተመልሶ ተቀመጠና እግሩን አነባበረ።

«አይ አንተ ሰውዬ፣ ያኔ ቆረቆር፣ ዛሬ ደግሞ ቅማል!»

ሁሉም ሳቀ። ቀስበልም በመስታወቱ ውስጥ ፈገግ አለ። ፀጉር አስተካካይ ግን የሰውን ፊት በመስታወት፣ ማጅራቱን በዓይኑ ነው የሚያየው፤ ማጅራት ደግሞ ፈገግ ማለት አይችልም። ምላጭ ከደንበኛው ጀርባ ቆሞ ያ ማጅራት ሲቀላ፣ ጅማቱ ሲገተር፣ ትከሻው አሥራ አንድ ዓመት የተሸከመውን ዳግም ሲሸከም አየ። ከዚያ በኋላ መቁረጥ አልቻለም። ቶንዶሱን አጠፋው። ሬዲዮውንም አጠፋው።

«ቅማሉ የኔ ነው» አለ። «ከጓሮዬ ነው የመጣው፤ የአማቴ ዶሮዎች ናቸው። እሱ የኔን ዶሮዎች ሊያክም ነው የመጣው።» ወደ ትኬት ቆራጩ ዞረ። «ቆረቆሩም የኔ ነው። ቆረቆር አልነበረም። ልጅ አልነበረም። ደንበኛ ስለወሰደብኝ ቀንቼ የፈጠርኩት ነው። ላንተ ነው የነገርኩህ፣ እዚሁ ወንበር ላይ፣ አንተ እንደምታደርሰው ስለማውቅ።»

ትኬት ቆራጩ ያነባበረውን እግሩን አወረደ። ከጠባቂዎቹ አንዱ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ሌላው ልከተለው ወይስ ልስማ እያለ በሩን ገርበብ አድርጎ ይዞ ቆመ።

«አውቅ ነበር» አለ ቀስበል፤ ሳይዞር። «ያኔውኑ ትኬት ቆራጩ ራሱ ነገረኝ። እሱ የማይነግረው ሰው አለ እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንተ ብትለው ይሻላል ብዬ። እኔ እንደሆንኩ አልቸኩልም።» ከዚያ ጆሮውን ነካ አደረገ። «የግራው ቀርቷል፤ ጨርሰኝ።»

ምላጭ ቶንዶሱን መልሶ አብርቶ ጨረሰው። ቀስበል ተነስቶ ጨርቁን ፈታ፣ አራግፎ አጠፈውና መልሶ ሰጠው። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ዞር አለ።

«አንድ ጊዜ አይበቃም። ዱቄቱ የሚገድለው የሚሄደውን ነው፤ እንቁላሉ ይቀራል፣ ይፈለፈላል። በአሥረኛው ቀን ይደገማል።»

«ዶሮዎቹን?»

«እነሱንም» አለና ወጣ።

አሥሩ ቀን ረጅም ነበር። ሱቁ ተቀዛቀዘ፤ አንዳንዱ በቅማሉ ሸሸ፣ አንዳንዱ በውሸቱ፣ አንዳንዱ ደግሞ ለማየት ብቻ መጥቶ ሳይቆረጥ ተመለሰ። አማትየው ሁሉን ሰሙ። በሦስተኛው ቀን ለራሳቸው የተቀቀለውን እንቁላል ልጠው እሱ ሳህን ላይ አስቀመጡለት፤ እሳቸው ደግሞ እንቁላል ለሰው ሰጥተው አያውቁም።

በአሥረኛው ቀን ማለዳ ምላጭ ዶሮዎቹን አንድ በአንድ ገልብጦ ከጅራት ሥር፣ ከክንፍ ሥር፣ ቆዳቸው ድረስ ነሰነሰ። የዛግራዋ ላባ መብቀል ጀምሯል፤ አመዱ ውስጥ ተንከባላ በዱቄትና በአቧራ አለበሰችው። ከዚያ የብረቱን ወንበር ወደ ውጭ ጎተተ። በሽቦ ፋቀው፣ በፈላ ውሃ አጠበው፣ ዘይት ቀባው፣ ጋሪ ተከራይቶ ጫነው። ለዶሮዎቹ ሁለት አጣና አግድሞ እውነተኛ ቆጥ ሠራላቸው።

ከቤቱ እስከ መድኃኒት ቤቱ በአቋራጭ አምስት ደቂቃ ነው። በዋናው መንገድ ሄደ። ጋሪ ላይ የተጫነ የፀጉር ቤት ወንበር አይቶ የማይጠይቅ ሰው የለም። ጫማ ጠጋኙ ጠየቀው፣ ቆሞ ነገረው። የፋርማሲዋ ልጅ ጠየቀችው፣ ነገራት። ፌርማታው ላይ አውቶቡስ የሚጠብቁት ሁሉ ጠየቁት፤ ጋሪውን አቁሞ ከቆረቆሩ እስከ ቅማሉ አንድም ሳይጥል ነገራቸው። አንዲት ሴትዮ ይህን ሁሉ ዓመት ልጆቿን ቀስበል አጠገብ እንዳይደርሱ ከልክላ እንደነበር ነግራው ሰደበችው። ተሰደበ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀበት።

ቀስበል በበሩ ላይ ቆሞ ወንበሩ ሲወርድ አየ። መቀመጫውን በመዳፉ ዳሰሰ፣ መደገፊያውን ከፍ ዝቅ አደረገ፤ ዘይቱ ሠርቷል። ከዚያ የምላጭን ጭንቅላት ዞሮ ከኋላ ተመለከተ።

«ያንተን ማን ነው የቆረጠህ?»

«ራሴ ነኝ። ማን ይቆርጠኛል?»

«ያስታውቃል። ተቀመጥ።»

ከመደርደሪያው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ መቀስ አወጣ፤ ዝገት አልነካውም። አንድ ሰዓት ፈጀበት። ምላጭ አፉን አንድ ጊዜም አልከፈተም።